ከበሩ ራቅ በል

ውድ ማርኒክስ፣

"ውድ" የምትለዋን ያስጻፉኝ ካንተ በላይ የሚኖሩት ወይዘሮ ሴሲል ናቸው። እስክሪብቶውም የሳቸው ነው። እኔ "አንተ ደደብ" ብዬ ልጀምር ነበር። "ደብዳቤ እንደዛ አይጀመርም፣ አንተ ባለጌ" አሉኝ። እሺ፣ ውድ ይሁን።

ደረጃህ ላይ ተቀምጫለሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ በርህ ፊት ለፊት፣ ቂጤ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ። ቅድም ስደበድበው ምን እንዳልከኝ ሰምቻለሁ። "ከበሩ ራቅ በል" አልከኝ። እኔን፣ ወንድምህን! ያቺ ቃል እኮ የኛ ናት። ሰባት ዓመት ሙሉ ባሕሩ ዳር ያለው ጭፈራ ቤት በር ላይ ቆመን ለስንቱ ሰካራም ያልናት ቃል ናት። አንዴ ቀስ ብለን፣ አንዴ ጮክ ብለን፣ ሦስተኛዋ በቡጢ። አንደኛዋንም ሁለተኛዋንም ብለኸኛል። ሦስተኛዋን እየጠበቅኩ ነው። ወጥተህ ብትመታኝ ደስ ይለኛል፣ ቢያንስ በሩ ይከፈታል።

"ድምፅህን መስማት አልፈልግም" ብለህ ቴሌቪዥኑን አስጮህከው። እሺ። ስለ እጅ ጽሑፌ ግን ምንም አላልክም። ስለዚህ እየጻፍኩ ከበሩ ታች ባለችው የደብዳቤ ቀዳዳ አስገባልሃለሁ፤ አንዱ ወረቀት ሲሞላ አንዱን። ወረቀቱ ሆስፒታል የሰጡኝ ነው፤ ጀርባው ላይ ምን እንደምበላ ተጽፏል። ሾርባ፣ ሾርባ፣ የተፈጨ ነገር፣ ሾርባ። ፊደል ብሳሳት እንዳትስቅ፤ ትምህርቱን ያቋረጥነው አብረን ነው።

ዋናውን መጀመሪያ ልንገርህ። ሌላውን ባታነበው እንኳ ይቺን አንብብ። ግራ ትከሻህን የሚያምህ እኔ ስለመታሁህ አይደለም። እኔ ግራ ትከሻህን አልነካሁትም። ጨጓራህ ላይ የታሰረው ቀለበት ነው። ዛሬ፣ አሁን፣ ሆስፒታል መሄድ አለብህ።

እንደማታምነኝ አውቃለሁ። ለምን እንደማታምነኝም አውቃለሁ። እሱን ነው አሁን የምጽፈው።

ወረቀቱን ጎተትከው! አየሁት፤ ሽው ብሎ ገባ። "ውሸታም" ያልከውንም ሰምቻለሁ። ልክ ነህ፣ ስድብህን ቀጥል። የሚሳደብ ሰው ይተነፍሳል።

ስማኝ። "ሁለቱ ፍሪጆች" ይሉን አልነበር? አንተ መቶ ስልሳ ሁለት ኪሎ፣ እኔ መቶ ሃምሳ ስምንት። ጥቁር ጃኬት ለብሰን ከበሩ ግራና ቀኝ ስንቆም ንፋሱ ራሱ አስፈቅዶ ነበር የሚገባው። ኦስተንድ ከተማ ውስጥ እኔን ያልፈራ ጉልበተኛ ካለ ገና አልተወለደም። ማጋነን አይደለም፣ አንተ ራስህ ምስክር ነህ። አንተ ደግሞ ሁሌ የምትስቅብኝ ነገር አለ፦ ማንን፣ የት ቦታ፣ በየትኛው እጄ እንደመታሁ አልረሳም። የእማዬን ልደት እረሳለሁ፤ ያንን የሆላንድ መርከበኛ በግራ እጄ ቀኝ ጉንጩ ላይ ሳሳርፍበት ሁለት ጥርሱ ጫማዬ ላይ እንዳረፈ ግን ዛሬም አስታውሳለሁ። ይቺን ነገር ያዝልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከዛ ሰው ሁሉ ሌላ መስሎ ለብሶ መንገድ ላይ የሚጨፍርበት የካርኒቫሉ ቀን ከሰዓት መጣ። ያ የመነኩሲት ቀሚስ የለበሰው ሰውዬ ጠርሙሱን ጆሮህ ሥር ሰበረብህ። ደምህ በኮሌታህ ሲወርድ አየሁና እንደ በሬ ተነሳሁበት። ስንት እርምጃ ሮጥኩ? ስምንት። በስምንተኛው ጉልበቴ ከዳኝና አስፋልቱ ላይ ተንበረከክሁ፤ ደረቴ ሊፈነዳ ነው። እሱ ቀሚሱን ሰብስቦ እየሳቀ ሄደ። "ፍሪጁ ከሶኬት ተነቀለ!" ብሎ የጮኸው ማን እንደሆነ እስካሁን እየፈለግኩ ነው። አንተ አሥራ ሰባት ቦታ ተሰፋህ። እኔ ግን አንገትህ ላይ ያለውን ጠባሳ ባየሁ ቁጥር ያቺን ስምንተኛ እርምጃ ነው የማያት።

ቀለበቱን ያስገባሁት ለዛ ነው። ለሰዉ "ሴቶቹ እንዲያዩኝ" አልኩ። ላንተም እንደዛው። ውሸት ነው። አንተን የመታህን ሰው ሮጬ እንድይዝ ነበር።

ነርሷን ሊቨን ታውቃታለህ፤ ያቺ አጭሯ፣ ስትናገር ዓይን ዓይንህን የምታይህ። "ጥቂት በልተህ እንድትከሳ ጨጓራህ አናት ላይ ቀለበት እናስርበታለን" አለችኝ። "ከቀለበቱ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ከሆድህ ቆዳ ሥር ትንሿ በር ላይ ያልቃል። ቀለበቱ እንዲጠብቅ ስንፈልግ በትንሿ በር በመርፌ ውሃ እንጨምራለን። እንዲላላ ስንፈልግ እንቀዳለን።"

"በር ከሆነ ለኔ ተዪው" አልኳት።

"ይቺን በር እኛ ብቻ ነን የምንከፍታት" አለችኝ። እኔ ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም።

ላንተም የሰጡህን ቢጫ ወረቀት ሰጠችኝ። ማስመለሱ ካላቆመ፣ ውሃ አልወርድ ካለ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ልብ ከፈጠነ፣ ግራ ትከሻ ካመመ፣ በዛው ቀን ደውሉ ይላል። እኔ ምን እንዳደረግኩበት ታውቃለህ? የኩሽናዬ ጠረጴዛ ይነቃነቅ የለ? አራት ቦታ አጥፌ እግሩ ሥር ከተትኩት። ጠረጴዛው ቀጥ አለ። አንተም መጥተህ "ጎበዝ፣ ጠገንከው" አልከኝ። እዛው ጠረጴዛ ላይ ነው የዋሸሁህ።

በዓመቱ ስልሳ ኪሎ ጣልኩ። የድሮ ቀበቶዬን ወገቤ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሜ መንደሩን ዞርኩ። አንተ ቢራህን ይዘህ "ግን ያስመልስሃል?" አልከኝ።

"እኔን? አንድ ቀንም።"

"እውነትህን ነው?"

"በእማዬ ሞት። ቀለበቱ ሰውዬውን አይቶ ነው፣ እኔን ፈርቶኛል።"

በእማዬ ሞት ብዬ ማልኩ ማርኒክስ። እውነቱ ይሄ ነው፦ ገና በመጀመሪያው ወር አንዲት ቁራሽ ዳቦ ተቀረቀረችብኝ። ጩቤ ደረቴ መሃል ሰክተው ሲያዞሩት ነው የሚመስለው። አይወርድ፣ አይወጣ። ምራቅህ እንደ እንቁላል ነጭ እየተዝለገለገ ይመጣል፣ ዓይንህ ይፈጣል፣ ከዛ ሆድህ እንደ ተረገጠ ውሻ እየጮኸ ይተፋታል። ለማንም ተንበርክኬ የማላውቅ ሰውዬ በቀን ሦስቴ ሽንት ቤት ፊት ተንበረከክሁ። ድምፁ እንዳይሰማ ቧንቧውን እከፍታለሁ። እማዬ ቤት ስንበላ ሥጋውን አኝኬ በናፕኪን እተፋውና ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ። "ዮረን በላ፣ ጨረሰ" ትላላችሁ። ጃኬቴን የጎረቤት ውሾች የሚከተሉት ለምን ይመስልሃል?

አንተ በኔ አፍ አምነህ አስገባኸው። የካቲት ላይ ደወልክልኝ። "ዮረን፣ ሥጋ ይቀረቀርብኛል። ማታ ማታ ወደ አፌ ይመለሳል። አንተስ?" አልከኝ።

ያኔ ልነግርህ ይገባ ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው፣ "እኔንም" ማለት። እኔ ግን "አኝክ እንጂ አንተ ሕፃን! ቀለበቱ እኮ ለወንድ ነው የተሠራው" አልኩህ። ትንሽ ሳቅክ። "እሺ" ብለህ ስልኩን ዘጋህ። ሁለተኛ አልጠየቅከኝም። ብዙ ሰው ደብድቤአለሁ፤ ከሁሉም የከፋው ግን በስልክ ያሳረፍኩብህ ያ ነው።

ሁለተኛውንም ወረቀት ወሰድከው። ዘገየህ ግን። ጥጉ ለረጅም ጊዜ እኔ ጋ ሲንቀጠቀጥ ቆየና ገባ። ስድብም አልሰማሁም። እየሰማህ ነው? ቴሌቪዥኑን ቀንሰው እስቲ፤ የቢስክሌት ውድድር ማየት ድሮም አትወድም።

እሺ፣ ቀጥሎ ይቺን ስማ፤ ከነገርኩህ ሁሉ የምታሳፍረኝ ይቺ ናት። እንደፈለግክ ሳቅብኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሊቨ ጋ ሄጄ "ምንም ችግር የለብኝም፣ ጨምሪበት" አልኳት። ዋሸኋት። እሷም ቃሌን አምና ጨመረች። ጠበቀብኝ። ሁለት ቀን ውሃ እንኳ አልወርድ አለኝ፤ ከንፈሬ ተሰነጣጠቀ። መደወል ነበረብኝ። ግን ብደውል "ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?" ትለኛለች። እኔ ዮረን፣ በአጭር ሴትዮ ልገሠጽ? ስለዚህ የአክስታችን ልጅ ድሪስ ጋ ሄድኩ፤ ንቅሳት ቤቱ።

"ድሪስ፣ መርፌ አለህ?"

"ሰውዬ፣ እንጀራዬ እኮ መርፌ ነው።"

"እዚህ ጋ ውጋና ውሃ ቅዳልኝ።"

"ሆድህን? አብደሃል እንዴ?"

"ሆድ አይደለም፣ በር ነው።"

የንቅሳቱ መርፌ ውሃ አይቀዳም። ድሪስ አሰበ አሰበና ከጀርባ ክፍል አማቱ አሳማዎቹን የሚወጋበትን ስሪንጅ ይዞ መጣ፤ አውራ ጣት የሚያህል። "ለአሳማ ከሆነ ላንተም ይሆናል፤ ልዩነታችሁ ጆሮ ነው" አለኝ። ቀበቶዬን ነከስኩ። አንዴ ወጋኝ፣ ሳተ። ሁለቴ ወጋኝ፣ ሳተ። በሦስተኛው ቆዳዬ ሥር ጠቅ ሲል ተሰማኝና ውሃው መጣ። ወዲያው ሦስት ቢራና አንድ ትልቅ ድንች ጥብስ ከነማዮኔዙ ዋጥኩ። ንጉሥ ሆንኩ! ላንተም ደውዬ ፎከርኩ፦ "ነርስ ምን ያደርግልኛል? ድሪስ በአንድ ደቂቃ ጨረሰው" ብዬ። የስንቱን ሰው በር ስጠብቅ የኖርኩ ሰውዬ የራሴን በር ላሳማ መርፌ ከፈትኩ። መታወቂያ እንኳ ሳልጠይቅ።

በአራተኛው ቀን ዙሪያው ቀላ። በስድስተኛው እንደ ብረት ምጣድ ጋለ። ፋሻ ጠመጠምኩበትና እሁድ የእማዬ ስድሳኛ ዓመት ልደት ላይ መጣሁ።

እሁድን እንዳለች ልጽፋት ነው። ታስፈልገናለች።

እማዬ የቲማቲም ሾርባዋን ከትናንሾቹ የሥጋ ድብልብሎች ጋር፣ ከዛ በቢራ የተቀቀለውን የበሬ ሥጋ አቅርባለች። አንተ አመድ መስለህ ገባህ። ጃኬትህ ላይህ ላይ ተንጠልጥሏል። ሾርባውን ሁለት ማንኪያ ቀመስክና ተነስተህ ወጣህ፤ ተመልሰህ መጣህ፤ እንደገና ወጣህ። እኔ ትኩሳት አለብኝ፣ ሆዴ ይነድዳል፣ የሚያስፈልገኝ ደግሞ ከኔ የባሰ ሰው ነው። አንተን አገኘሁ።

"ምነው፣ አረገዝክ እንዴ?" አልኩህ።

"ተወኝ ዮረን።"

"ማነው አባቱ? ድሪስ ነው?"

እማዬ "ዮረን፣ ዝም በል" አለች። አንተ ማንኪያህን አስቀመጥክ። ከዛ እንዲህ አልክ፤ ቀስ ብለህ፣ አንደኛዋን እንደምንላት፦ "አንድ ቀንም አላስመለሰኝም ብለህ በእማዬ ሞት ምለህልኛል። የመታጠቢያ ቤትዋን ቱቦ ማን እንደሚደፍነው እማዬ ነግራኛለች። በየሳምንቱ በሽቦ የምትከፍተው እሷ ናት።"

እማዬን አየኋት። እማዬ ሾርባዋን አየች። ታውቅ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ታውቅ ነበር፣ አፍራልኝ ዝም አለች።

ያኔ መታሁህ። አሁን አብረን እንቁጠር። እኔ እንደማልረሳ ታውቃለህ።

አንደኛው፣ ጠረጴዛው ላይ ዘልዬ በቀኝ እጄ፣ ግራ መንጋጋህ ላይ። ሾርባው ግድግዳው ላይ ተረጨ። ሁለተኛው፣ በግራ እጄ፣ ቀኝ ጆሮህ ላይ። አንተ በዚህ መሃል ቅንድቤን ከፈትከው፤ ደም ዓይኔን ሞላው፣ ግን እጄ ይቆጥራል። ሦስተኛው፣ በግንባሬ አፍንጫህን፤ ሲሰበር ሰማሁት፣ ደረቅ ብስኩት ነው የሚመስለው። ወደ ኋላ ወደቅክ፣ የእማዬን የመስታወት ቁም ሣጥን ይዘኸው ሄድክ። በየትኛው በኩል ወደቅክ? በቀኝ። ቀኝ ክርንህ ነው መስታወቱን የሰበረው፤ የተቆረጠው እሱ ነው። ተነሳህና አራተኛውን፣ በጉልበቴ፣ ሆድህን። ያቺን አምናለሁ። ያቺን ስሠራ ሆድህ ውስጥ ምን እንዳለ እያወቅኩ ነው የሠራኋት።

ከዛ ያንተ መጣ። አንተ ጭንቅላቴን ፈልገህ ነበር፣ እጅህ ወረደችና ትንሿ በር ላይ አረፈች። ፈነዳ ማርኒክስ። መግሉ በሸሚዜ ላይ አልፎ የእማዬን ነጭ ጠረጴዛ ልብስ አጥለቀለቀው። ሽታው! እማዬ የጮኸችው ያኔ ነው፤ የወጡን ድስት አንስታ መጀመሪያ አንተን፣ ከዛ እኔን በድስቱ ቂጥ አናታችንን አለችን። ስድሳ ዓመቷ ነው፣ እጇ ግን ከሁለታችንም ይበልጣል።

አንተ በሩ ላይ ቆመህ፣ አፍንጫህ እየደማ፣ ግራ ትከሻህን በቀኝ እጅህ ይዘህ "ትከሻዬን ሰብረኸኛል። ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም። በሬ ላይ ብትመጣ እንደማንኛውም ሰካራም ነህ" አልክ። እኔም አመንኩ። ኮራሁም እንጂ፣ እውነቱን ልናገር፤ "ትከሻውን አወረድኩለት" ብዬ አምቡላንስ ውስጥ ለሰዎቹ አወራሁ።

አሁን ቁጠር። መንጋጋ። ጆሮ። አፍንጫ። ሆድ። አራት ናቸው። ትከሻ የታለ?

የለም። እኛ እኮ የሆነ ቦታ ካመመን "ማን መታኝ?" ነው የምንለው፤ ሌላ ሕመም አናውቅም። ሰባት ዓመት በር ላይ ቆመን ሌላ ሕመም ማን አስተማረን? ደግሞም ሾርባውን ስትቀምስ፣ ገና ሳልነካህ፣ ያንን ትከሻ ስታሽ አይቼሃለሁ። አይቼ "ደህና አልተኛም" ብዬ አለፍኩ።

ሦስተኛው ወረቀት ግማሹ እኔ ጋ ነው። አልጎተትከውም። ጎትተው። የቀረውን እየጻፍኩ አንዱ ዓይኔ እሱ ላይ ነው።

እኔን እሁድ ዕለት ቀደዱኝ። ቀለበቱንም በሯንም አወጡት፤ መግሉ በቱቦው ወደ ውስጥ ሄዷል አሉ። ዛሬ ጠዋት ሊቨ ቁስሌን ልትቀይር መጣች። እኔ መቼም አፌ አያርፍም፣ ድብድቡን እተርክላታለሁ። "ወንድምህስ እንዴት ሆነ?" አለችኝ።

"ምንም አልሆነም። እማዬ ስትደውልለት ትከሻዬን ብቻ ነው ይላታል፤ ቅባት ቀባ ብላዋለች።"

"የትኛውን ትከሻ?"

"ግራውን።"

የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። "እዛ ጋ መታኸው?" አለችኝ።

በጣቴ ቆጠርኩ። ቅድም ላንተ እንደቆጠርኩት። አራተኛው ጣቴ ላይ አለቀብኝ፤ ትከሻ የለም። እሷ ፊቴን አየችና ሁሉንም ነገረችኝ። ብዙ ሲያስመልስ ቀለበቱ ይንሸራተታል። ከቀለበቱ በላይ ያለው ጨጓራ ይታነቃል። ሕመሙ ትከሻ ላይ ነው የሚወጣው። ደም ካልደረሰው ጨጓራው ሰውዬው ውስጥ ይሞታል፤ ሰውዬው ትከሻዬን ነው እያለ። ገና በጊዜ ከመጣ ግን መጀመሪያ ውሃውን ትቀዳዋለች፣ ይላላል፣ ትተነፍሳለህ፤ ከዛ ሐኪሞቹ ያዩሃል። ራሷ ደወለችልህ፤ ስልክህ ዝግ ነው። "አድራሻውን ስጠኝ፣ ሰው ልላክ" አለችኝ። እኔ ግን እጄ ላይ ያለውን መርፌ ነቅዬ ወጥቻለሁ። ኮሪደሩ ላይ "ስድስት ሳምንት ባልዲ እንኳ እንዳታነሳ! ስፌቱ ይፈታል!" እያለች ትጮህብኝ ነበር። ትራሙ ውስጥ ሆዴን በሁለት እጄ አቅፌ ነው የመጣሁት። ሦስቱን ፎቅ ስወጣ ስንት ጊዜ ቆምኩ? አልነግርህም።

ውሸት። ስምንት ጊዜ።

ወይዘሮ ሴሲል አሁን ወረዱ። "ምን አለ?" አሉኝ።

"ምንም አላለም።"

"ከእሁድ ጀምሮ ሲያስመልሰው በወለሉ ይሰማኛል። ትናንት ግን ዝም አለ። ተሻለው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ" አሉ። ከዛ ራሳቸው የተናገሩትን ሰሙትና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

አምቡላንስ እየደወሉ ነው። እኔ የሰማሁት "አዎ፣ ሦስተኛ ፎቅ። አይ፣ አይከፍትም። ወንድሙ አለ። አዎ፣ ትልቅ ነው። ድሮ ከዚህም ይበልጥ ነበር" ሲሉ ነው። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ አሏቸው።

ቢመጡስ በምን ይገባሉ? ከውስጥ ያለውን የብረት መወርወሪያ የገጠምነው አንተና እኔ ነን። "ታንክ አይገባም" ብለን ቢራ ጠጣንበት። ግን የበሩ የላይኛው ሳንቃ ያኔ ቁልፍ ረስተህ በቡጢ የሰበርከው ነው፤ የተካሁት እኔ ነኝ፣ በስስ ጣውላ። ሥራዬ ምን ያህል ርካሽ እንደነበር ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በክርን ቢመቱት ይገባል። እጄን አስገብቼ መወርወሪያውን እስባለሁ።

ሦስተኛው ወረቀት አሁንም አልገባም። ጎንበስ ብዬ በቀዳዳዋ አየሁ። ጣትህን አየሁት። ወረቀቱን ይዞታል፣ አይጎትትም። እዛው ከበሩ ሥር ነህ።

ማርኒክስ፣ ቃል ልግባልህ። ዳንክም አልዳንክም አልልም፣ ትድናለህ። ከዛ ሊቨ ፊት አብረን እንቀመጣለን። "ስንት ጊዜ ያስመልሳችሁ ነበር?" ስትል መጀመሪያ እኔ ነኝ የምመልሰው፤ ቁጥሩን፣ ሳልቀንስ። ቢጫውን ወረቀት ከጠረጴዛው እግር ሥር አወጣዋለሁ። ጠረጴዛው ይነቃነቅ። እማዬ ቤት ደግሞ ዳግመኛ ካስመለሰኝ ቧንቧ አልከፍትም። የመነኩሲት ቀሚስ የለበሰውን ሰውዬ ተወው፤ እሱን አልፈልገውም። የምሮጠው አንተ ጋ ነው።

ቀዳዳዋ ስለተያዘች አሁን ይቺን ወረቀት በበሩ አናት ባለው ክፍተት አስገባታለሁ፣ ጮክ ብዬም አነብልሃለሁ። ድምፄን አልፈልግም ብለሃል፤ ይቅርታ።

አንደኛዋን ቀስ ብዬ፦ ከበሩ ራቅ በል።

መራቅ ካቃተህ አንዴ አንኳኳ፣ ልወቀው።

ሰማሁህ። እንዴት አድርጎ እንደቀለለ፣ እንደ ሕፃን ጣት ነው፣ ግን ሰማሁህ። እሺ ወንድሜ። አትነሳ። እዛው ሁን፣ ፊትህን ወደ መሬት አዙር፣ ራስህን በክንድህ ሸፍን። ጣውላው ከላይ ይረግፍብሃል፤ ስስ ነው፣ አይጎዳህም፤ የሠራሁት እኔ ነኝ።

የኔ ስፌት ይፈታ።

ወንድምህ፣ ሁለተኛው ፍሪጅ፣
ዮረን